እንግዶች ከቢቸናና ከሞጣ ሲመጡ፦ የአሥራ ሁለት ሰው ምሽት በአዲስ አበባ

ስልክዎ ይጠራል። የአጎትዎ ልጅ ነው፤ ከሞጣ። ለዘመድ ሠርግ ስድስት ሆነው እንደሚመጡ፣ ከቢቸና ደግሞ አክስትዎና ባለቤታቸው መንገድ ላይ እንደሚቀላቀሏቸው ይነግርዎታል። እርስዎ፣ የትዳር ጓደኛዎና ሁለቱ ልጆችዎ ሲጨመሩ ቤቱ አሥራ ሁለት ሰው ያዘ ማለት ነው።

ፍራሽ ይደረደራል፣ እንጀራ ይጨመራል፣ ዶሮ ይታሰባል። ለምግብና ለመኝታው ብዙም አይጨነቁም፤ ቤታችን እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። የሚያስቸግረው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ቀን ቀን ሁሉም ጉዳይ አለው። ሐኪም ቤት የሚሄድ አለ፣ መርካቶ የሚወርድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የሚወጣ አለ። ማታ ግን አሥራ ሁለት ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ይሰበሰብና ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ጎልማሶቹ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። ሴቶቹ ከማዕድ ቤት አይወጡም። አክስትዎ ሶፋው ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ያዛጋሉ።

በዚህ ዓይነት ሳምንቱ ያልቃል። አክስትዎ አገራቸው ሲገቡ ጎረቤት «አዲስ አበባ እንዴት ነበረች?» ብሎ ቢጠይቃቸው ከሳሎንዎ ሌላ የሚያወሩት ይኖራቸው ይሆን? ልጆችዎስ ስለ አክስትዎ ምን የሚያውቁት አዲስ ነገር ይኖራል? ዘመድ የሚገናኘው በሠርግና በለቅሶ ብቻ እየሆነ በመጣበት ጊዜ፣ እነዚያ አምስት ስድስት ምሽቶች በዋዛ የሚያልፉ አይደሉም። የአዲስ አበባው ልጅ የሞጣ ዘመዱን ከስም አልፎ በመልክና በጨዋታ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣውን መንገድ ስንት ጊዜ ይመላለሱታል?

ስለዚህ በዚህ ወር ገጻችን እንግዳ የበዛበትን ምሽት እንዴት ደስ የሚል ማድረግ እንደሚቻል እንነጋገራለን።

እነሱ ማምሸት ያውቃሉ

ከአዲስ አበባ ሲወጡ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አልፎ፣ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ምድር የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። እዚያ የሚመሽበትን መንገድ ልብ ብለው ካዩት፣ ለከተማው ምሽት የሚሆን ትምህርት ያገኙበታል።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወጣቱ ወክ ይወጣል። አስፋልቱን ይዞ ሁለት ሦስት ሆኖ እያወራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሰላም ይባባላል። ጣሊያኖችና ስፔኖች አመሻሹ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ለብሶ ወጥቶ በከተማው ጎዳና የሚንሸራሸርበት የታወቀ ልማድ አላቸው፤ አስመራም በዚህ ትታወቃለች። የእኛ ትናንሽ ከተሞችም ወክን ማንም ሳያስተምራቸው ይዘውታል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቲኬት የለውም፣ ግን ሰውን ከሰው ያገናኛል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና ይፈላል። ቡና ለምሽቱ ቅርጽ ይሰጠዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ማንም አይነሣም። ተረት የሚያወራ ሽማግሌ አለ፣ እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ልጅ አለ፣ እጣኑን የሚያጨስ አለ፣ ፈንዲሻውን የሚያዞር አለ። በዚያ ምሽት ያለ ሥራ የሚቀመጥ ሰው የለም። ከተማ ውስጥ እንግዳው የሚሰለቸው የሚያየው ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ስላልተሰጠው፣ ወሬውም ስላልደረሰው ጭምር ነው። ምሽቱን ሲያቅዱ «ወዴት እንሂድ?» ከማለትዎ በፊት «እዚያ ስንደርስ እያንዳንዱ ሰው ምን ያደርጋል?» ብለው ይጠይቁ።

ሙሴ ይሰየም

አሥራ ሁለት ሰው በጋራ ሲወስን ሰዓቱ ይመሻል። «እናንተ ደስ ያላችሁ»፣ «ለእኛ ሁሉም ጥሩ ነው» እየተባለ ሁለት ሰዓት ይሞላና ልጆቹ ይተኛሉ። እንግዳ ደግሞ በይሉኝታ ፍላጎቱን አይናገርም።

መፍትሔው እኛው ዘንድ አለ። የጽዋ ማኅበር ያለው ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ማኅበሩ ሙሴ አለው፣ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ተራ አለው፣ ተረኛው ምን እንደሚያዘጋጅ ያውቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምሽት አንድ ሙሴ ይሰይሙ። አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን የትዳር ጓደኛዎ፣ አንድ ቀን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅዎ፣ አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ። ሙሴው ቦታውን ይመርጣል፣ ይደውላል፣ ሰዓቱን ይነግራል፤ ሌላው ይከተላል። ልጅዎ ሙሴ በሆነበት ቀን ስልኩን ለሌላ ጉዳይ ሲጠቀምበት ያዩታል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት ነገር አስቀድሞ ይለቅ። አንደኛው ጣሪያው ነው፤ ለሳምንቱ ምሽቶች በሙሉ ልናወጣ የምንችለው ይህን ያህል ነው ብላችሁ ቁርጡን ተነጋገሩ። ሁለተኛው ከፋዩ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ብዙ ከሆኑ አንድ ቤት ብቻውን አይሸከም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መዋጮው በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ ይሰብሰብና አንድ ሰው ይክፈል። እንግዳ ፊት ሒሳብ ይዞ መጓተት ለከፋዩም ለተጋባዡም ደስ አይልም። እንግዳው «እኔም ልክፈል» ብሎ አጥብቆ ከያዘ ደግሞ ክብሩን ይጠብቁለት፤ የቡናውን ወይም የልጆቹን አይስ ክሬም ይተዉለት።

መንገድና ሰዓት

እንግዶቹ የገቡበትን ማታ ምንም አያቅዱ። ከሞጣ ተነሥቶ ሙሉ ቀን የተጓዘ ሰው የሚፈልገው እግሩን ታጥቦ፣ ትኩስ ነገር ቀምሶ መተኛት ነው። ከሠርጉ በፊት ያለው ማታም ባዶ ይሁን። ከዚያ ውጭ ባሉት ቀናት ምሽት በምሽት መውጣት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ወጥተው አንድ ቀን ቤት ቢያመሹ ይበቃል።

ለመጓጓዣው አንድ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ኮንትራት መያዝ ብዙ ጊዜ ሦስት መኪና ከመጥራት ይቀላል። ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓትና ሾፌሩ የሚጠብቅበትን ቦታ ቀድመው ይነጋገሩ። በራይድ ወይም በፈረስ ከሆነ ደግሞ በየመኪናው አንድ የከተማ ሰው ይግባ። አክስትዎን ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን አሳፍረው «ሾፌሩ ቦታውን ያውቀዋል» ማለት አይገባም፤ አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ ምሽቱን ወደ ጭንቀት ይለውጠዋል።

ቦታ ሲመርጡ አረጋውያኑን ያስቡ። ደረጃው ስንት ነው? መቀመጫው መደገፊያ አለው? መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ነው? ከድምፅ ማጉያው የራቀ ጠረጴዛ ይገኛል? እነዚህን በስልክ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱም ከተሞች ደጋማ ስለሆኑ እንግዶችዎ ብርዱን ያውቁታል፤ ቢሆንም እንጦጦን የመሰለ ከፍታ ላይ ለማምሸት ካሰቡ ጋቢው አይረሳ። የመመለሻ ሰዓቱን ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አያሳልፉት። ሰው «ትንሽ ብንቆይ ኖሮ» እያለ ቢመለስ፣ ተሰላችቶ ከሚመለስ ይሻላል።

ማዕዱ

በብዙ ሰው ምሽት ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ይህ ይቀራል። የሁዳዴ 55 ቀንና የነሐሴው የፍልሰታ ጾም ደግሞ አለ። የከተማው ቤተሰብ ቢያቃልለው እንኳ የቢቸናዋ አክስትዎ አያቃልሉትም። ሥጋ የበዛበት ምግብ ቤት ወስዶ «ለእርስዎ ሽሮ እናዝዛለን» ከማለት፣ የበላተኛው ዐይን ሁሉ በአንድ በያይነት ላይ የሚያርፍበትን ቤት መምረጥ ይሻላል።

ሁለቱም ከተሞች ክርስቲያንም ሙስሊምም የሚኖርባቸው ናቸውና በቡድኑ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ሥጋው የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ እንዳይነሣ፣ ምግብ ቤቱ ሁለቱንም ለይቶ የሚያዘጋጅ መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነም የጾም ምግብ ወይም ዓሣ ሁሉንም ያስማማል። የመግሪብ ሶላት የሚሰግድ ካለ ደግሞ መነሻ ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ያድርጉት።

ሦስት የውጭ ምሽቶች

*የአርበኞች ምሽት።* ከስድስት ኪሎ ይጀምሩ። የየካቲት 12 መታሰቢያ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣሊያን የተጨፈጨፉትን የአዲስ አበባ ሰዎች ያስታውሳል። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ነው፤ መራመድ የሚችል በእግሩ ይውረድ፣ የማይችል በመኪና ይቅደም። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ቀጥሎ ፒያሳ ወርደው በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያያሉ። ወደ ውስጥ መግባት ከፈለጉ የመዝጊያ ሰዓቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልደረሳችሁም የፒያሳው መብራት ራሱ ለወክ በቂ ነው።

የዚህ ምሽት ባለቤት ግን ሐውልቱ አይደለም፤ የአክስትዎ ባለቤት ናቸው። የቢቸና ሰው በወረራው ዘመን በዚያው ምድር ጠላትን ስላርበደበዱት ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሳያወራ አያመሽም። በላይ ከድሉ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የሞቱት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ጎዳና አለ። ልጆችዎ በዚያ ጎዳና ሲያልፉ ስሙን ከታክሲ ረዳት ጥሪ ይልቅ ከአገሩ ሰው አፍ ቢሰሙት የተለየ ነው። ቀድመው «ዛሬ እርስዎ ነዎት የሚነግሩን» ይበሏቸው። ቀኑን ሙሉ ሲያስታውሱና ሲያሰላስሉ ይውላሉ።

*የቴአትር ምሽት።* ብዙ ቤተሰብ እንግዳውን ሲኒማ ይወስዳል። ፊልሙ የውጭ ከሆነ ግን ግማሹ ሰው በጨለማ ውስጥ ያንቀላፋል። አማርኛ ቴአትር ይህ ችግር የለበትም፤ የሰባት ዓመቱም የሰባ ዓመቱም እኩል ይስቃሉ። ፒያሳ አጠገብ ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተመረቀ ነው። የትኛው ቴአትር በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚታይ ደውለው ወይም በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አይተው ያረጋግጡ። ቲኬቱን አስቀድመው ይግዙና ሁሉም ሰው አንድ ረድፍ ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ከቴአትሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለሻይ ይመድቡ፤ ቴአትር ግማሹ ጣዕም ያለው ከወጡ በኋላ በሚነሣው ክርክር ነውና።

*የማሲንቆ ምሽት።* ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ከተነሣ ወዲህ የድሮው የአዝማሪ ቤቶች ሠፈር እንደ ነበረው የለም። ያም ሆኖ ማሲንቆና እስክስታ የሚታይባቸው የባህል ምግብ ቤቶች አሉ፤ ቦሌ አካባቢ ያለው ዮድ አቢሲኒያ ከታወቁት አንዱ ነው። ለአሥራ ሁለት ሰው ሳይደውሉ አይሂዱ። መድረኩን የሚያይ፣ ግን ከድምፅ ማጉያው የራቀ ቦታ ይጠይቁ። አዝማሪ ያለበት ቤት ከሆነ ጎጃሜዎቹን ወደፊት ያስቀምጡ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። «ተቀበል!» ሲባል ሰሙን ትተው ወርቁን ቀድመው የሚይዙት እንግዶችዎ ይሆናሉ። ልጆችዎ «ምን ማለቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚያስረዱትም እነሱ ናቸው። ለአዝማሪው የሚሸለም ዝርዝር ብር ይዘው ይምጡ፤ ለአክስትዎም ለልጆቹም ያከፋፍሉ፣ ሁሉም ይሸልም።

ገንዘቡ ጠብ ካለ ደግሞ ወክ አለ። በኮሪደር ልማቱ የሰፉትና መብራት የገባላቸው የእግረኛ መንገዶች ለሰፊ ቤተሰብ ይመቻሉ። ሸራተን አጠገብ ያለው ወዳጅነት ፓርክ ደግሞ በሙዚቃ የሚወዛወዝ የውኃ ትርዒት አለው፤ ትርዒቱ የሚታይበትን ቀንና ሰዓት ጠይቀው ይሂዱ። የተጠበሰ በቆሎ በእጅ ይዞ አሥራ ሁለት ሆኖ መንሸራሸር ራሱን የቻለ ምሽት ነው።

የመጡበት ቀን ከበዓል ጋር ከገጠመ ከተማዋ ራሷ ምሽቱን ታዘጋጅልዎታለች። ጥር 10 የከተራ ዕለት ጃን ሜዳ፣ መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ አለልዎት። በእነዚህ ቀናት ግን ሰው ስለሚበዛ ድንገት ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን አንድ ቦታ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ በየልጁ ኪስም ስልክ ቁጥርዎን የያዘ ወረቀት ይክተቱ።

ቤት የሚያመሹበት ቀን

ከምሽቶቹ ሁሉ የሚታወሰው ይኸኛው ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱም ዕቅድ ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ስልኮች በአንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጡ። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሽና ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ጥግ የሚባል ነገር አይኖርም። ቡናውን ከሴት ልጆች አንዷ ብቻ ሳትሆን ወንዶቹም ይቁሉት፤ ሳቁ ከዚያ ይጀምራል።

አቦል ሲጠጣ እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልሽ!» ይባላል። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ተሸንፎ «ቢቸናን ሰጠሁህ» ይላል፤ የሞጣው ልጅ «ቢቸና አትበቃኝም፣ አዲስ አበባን ጨምር» ይላል። በዚህ ዓይነት አገሩን ሁሉ ሲያስረክቡት፣ ከዚያ በፊት በካርታ ላይ እንኳ አይተውት የማያውቁትን ከተማ ስም ይለምዳሉ። የሚሸነፉት የከተማዎቹ ልጆች እንደሚሆኑ አይጠራጠሩ፤ ለእንግዶቹም ጥሩ ካሣ ነው።

ቶና ላይ ልጆቹ አኩኩሉ ይጫወቱ፣ ትልልቆቹ ገበጣ ወይም ዳማ ይያዙ። የዳማ ጠጠር ከሌለ የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል፤ ግማሹ በፊቱ፣ ግማሹ በጀርባው። በረካ ላይ ደግሞ ተረት። ተራቹ አክስትዎ ይሁኑ፤ አንዱ ልጅ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅረጽ። «እርስዎ ልጅ ሳሉ ማታ ማታ ምን ትጫወቱ ነበር?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን አንድ ሰዓት ያስወራል። ቅጂው በሚቀጥለው ቀን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይላክ፤ ባሕር ማዶ ያሉትም ይሰሙታል።

ሌላ አማራጭ ከፈለጉ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የተተረከው አለ። ታሪኩ የሚዘዋወርበት አገር እንግዶችዎ የመጡበት ምድር ነው። አንድ ክፍል አብሮ ሰምቶ እያቆሙ «ይህ ቦታ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለልጆች ጂኦግራፊም ሥነ ጽሑፍም ነው። በሚቀጥለው የቤት ቀን ቀጣዩን ክፍል ይሰማሉ።

ከመሸኘቱ በፊት

በጽዋ ማኅበር ሰው ሲበተን ተረካቢው ይታወቃል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ የሚቀጥለው ወር የማን እንደሆነ ሳይነገር ማንም አይሄድም። የዘመድ ምሽትም እንዲሁ ይሁን። በመጨረሻው ማታ፣ ቡናው ሳይነሣ፣ ቀጣዩን ተራ ይነጋገሩ። ሰላሙና መንገዱ ሲፈቅድ እናንተ ወደ ሞጣ የምትሄዱት መቼ ነው? ልጆቹ የትኛውን የትምህርት ቤት ዕረፍት ይዘው? ሙሴውስ ማን ነው?

ያን ጊዜ እንግዳው እርስዎ ነዎት። ቢቸና ላይ ወርደው ያድሩና ማታ አስፋልቱን ይዘው ወክ ይወጣሉ፤ ሞጣ ላይ እንቆቅልሹን ያልመለሰ ልጅዎ እንደገና አገር ይሰጣል። እስከዚያው ግን የዚህኛው ሳምንት የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው፤ የሚመጡትን እንግዶች ስም በወረቀት ይጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን በምሽቱ የሚሰጡትን ሥራ ይሙሉ። ከጎኑ ባዶ የቀረ ስም ካለ፣ ሶፋው ጥግ የሚያዛጋው ሰው እሱ ነውና ዕቅዱን ከእሱ ይጀምሩ።